ሪኤንትሪ ፐርሚት፦ ለእማዬ የከፈልነው 630 ዶላር ዋጋ አለው ወይ?

ሪኤንትሪ ፐርሚት ማለት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እንዲመለስ የሚረዳ የመንግሥት ወረቀት ነው። ቶሎ መልስ ለምትፈልጉ፦ አዎ፣ ዋጋ አለው። ግን ፎርሙ የሚገባው እናታችሁ ወይም አባታችሁ አውሮፕላን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ከሆነ ብቻ ነው። ከሄዱ በኋላ ከሆነ ብሩን ሜዳ ላይ መበተን ነው። እኛ ሁለቱንም አይተነዋል። አንዴ ተበልተናል፣ አንዴ ደግሞ በትክክል ተሠርቶልን እፎይ ብለናል። ስለዚህ ስለ ወረቀቱም፣ ወረቀቱን እንሠራላችኋለን ስለሚሉት ሰዎችም የምለው አለኝ።

መጀመሪያ የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እማዬን ሲትዝን ከሆንኩ በኋላ በ2017 አመጣኋት። ግሪን ካርድ ያዘች፣ ልጆቼን አሳደገችልኝ፣ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ትሳለማለች፣ በአዘቦት ቀን ከቤት አትወጣም። ልቧ ግን ደብረ ብርሃን ነው። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ እዚያ ነበረች፤ ዘጠናን የተሻገረች ሴት። 2022 ላይ አያቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እማዬ ለሁለት ወር ብላ ሄደች። ሁለቱ ወር አራት ሆነ፣ አራቱ ስምንት ሆነ፣ በ11ኛው ወር ተመለሰች።

ኤርፖርት ላይ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዷት። እኔ ውጭ አበባ ይዤ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ። በኋላ እንደነገረችኝ መኮንኑ ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ በስልክ አስተርጓሚ አገናኝቶ ነው የጠየቃት። ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ለምን ይህን ያህል ቆዩ? ሥራ ይሠራሉ? ግብር ይከፍላሉ? ከዚያ «ቤትዎ የት ነው?» አላት። እማዬም እንደ ደንቡ «ቤቴማ ደብረ ብርሃን ነው» አለች።

እሷ ያሰበችው ከአባቴ ጋር የሠሩትን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ሰውዬው የሰማው ግን «የምኖረው ኢትዮጵያ ነው» የሚል ነው። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ግሪን ካርዷ ሊሄድ ነበር። ያዳናት ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ነገር ነው፦ የአያቴ የሆስፒታል ወረቀት፣ ኤክስሬዩ፣ እና የልጅ ልጆቿ ፎቶ። አብራ የምትኖረው ከእነሱ ጋር እንደሆነ፣ ክፍሏ እንኳን የቱ እንደሆነ እያሳየች ነገረችው። «በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ አይቆዩ፣ የሚቆዩ ከሆነ ፐርሚት ያውጡ» ብሎ አስገባት። ሪኤንትሪ ፐርሚት የሚባል ነገር እንዳለ የሰማነው ያን ቀን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆየ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ሊመረመር ይችላል። አንድ ዓመት ካለፈው ደግሞ ካርዱ ብቻውን መመለሻ አይሆንም። በካርዱ ላይ የተጻፈው ማብቂያ 2030 ቢልም እንኳ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ካርዱ ስላልተቃጠለ መብቱም ያልተቃጠለ ይመስለዋል። ቦሌ ላይም ትኬት ሲያዩ የወጣችሁበትን ቀን ያያሉ፤ ዓመት ካለፈ አውሮፕላን ላይ መውጣቱ ራሱ ችግር ነው። ሪኤንትሪ ፐርሚት ይህን ይፈታል። ፓስፖርት የሚመስል ደብተር ነው፣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፣ አይታደስም፤ ሌላ ከፈለጋችሁ ተመልሳችሁ መጥታችሁ እንደ አዲስ ነው የምትጠይቁት። ካለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከ4 ዓመት በላይ ውጭ የኖረ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የ1 ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ወደተበላንበት ልምጣ።

2024 ላይ አያቴ እንደገና ታመመች፤ በዚህኛው ጊዜ አልጋ ላይ ቀረች። እማዬ ትኬት ቆርጣ በሳምንቱ ሄደች። እኔም ያ የኤርፖርቱ ሰውዬ ያለው ትዝ ብሎኝ ፐርሚት ይሠራልኝ ብዬ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሐበሻ ሱቅ በሚበዛበት ሰፈር ቢሮ አለው፣ ታክስ ይሠራል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላል። እናቴ እኮ ሄዳለች አልኩት፣ በግልጽ ነው የነገርኩት። «እህቴ፣ ምንም ችግር የለውም፣ አድራሻዋ እዚህ አይደል? ይበቃል» አለኝ። 250 ዶላር ለእሱ፣ 630 ዶላር ለመንግሥት። ፎርሙን በሃያ ደቂቃ ሞላው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ስሟን፣ የልደት ቀኗንና የካርድ ቁጥሯን ብቻ። እኔም ፈጣን ነው ብዬ አመስግኜው ወጣሁ።

አይ-131 የሚባለው ይህ ፎርም ሲገባ አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት አለበት። ይህ የተደበቀ ሕግ አይደለም፤ የፎርሙ መመሪያ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ አስቡት፣ ዋናውን፣ የመጀመሪያውን ነገር ነው የሳተው። ከአምስት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ፎርሙ ሲገባ አመልካቿ እዚህ ስላልነበረች ተከልክሏል። 630ው አይመለስም። ሰውዬው ጋ ስሄድ «ሕጉን ቀይረውት ይሆናል» አለኝ። አልቀየሩትም።

ገንዘቡን እርሱት። የከፋው ሌላ ነው። እማዬን አንድ ዓመት ሳይሞላት መመለስ ነበረብኝ። ደውዬ ስነግራት ዝም አለች። ከጀርባዋ አያቴ ስታቃስት ይሰማኛል። «እናቴን ለማን ጥዬ ልምጣ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጎረቤት ለምነን፣ ሠራተኛ ቀጥረን፣ አያቴን ለሁለት ወር ለሰው አደራ ሰጥታ መጣች። እዚህ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ በስልክ «ውሃ አጠጣሽልኝ? ገልብጠሽ አስተኛሻት?» እያለች የምትጠይቅበትን ድምፅ አልረሳውም። ያ ሰውዬ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ወይም «አላውቅም፣ ሎየር ጠይቂ» ቢለኝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ እውነተኛ ሎየር ያዝን። ትንሽ ቢሮ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚሠራበት፤ አማርኛ የምትናገር ረዳት አለች። 600 ዶላር አስከፈሉን። ከፎርም ሞይው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፣ ግን ልዩነቱን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አየሁት። ሎየሯ ከእማዬ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጠች። ረዳቷ «እናቴ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን» ብላ ከ2017 ጀምሮ የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን ሁሉ ከፓስፖርቷ እያየች መዘገበች። ባንክ ሂሳብ አለዎት? መታወቂያዎ የት ስቴት ነው? ታክስ ፋይል ተደርጎ ያውቃል? ሐኪምዎ የት ነው? ለምንድነው የሚሄዱት፣ መቼስ ያበቃል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ሎየሯ ቆም ብላ ያስረዳችንን ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። ፐርሚቱ የሚያረጋግጥላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ረጅም ጊዜ ስለቆያችሁ ብቻ ኑሮውን ትታችኋል አትባሉም። ሌላው ሁሉ ግን አሁንም ይታያል። ሕጉ የሚጠይቀው ጉዞው ጊዜያዊ ነው ወይ፣ ምክንያቱስ መጨረሻ አለው ወይ፣ ኑሯችሁስ አሁንም አሜሪካ ነው ወይ ብሎ ነው። የታመመች እናት ማስታመም መጨረሻ ያለው ጉዳይ ነው። አገር ቤት ሥራ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ በዓመት አንዴ ለሁለት ሳምንት ብቅ እያሉ «ግሪን ካርዴን እያሞቅኩ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በየስድስት ወሩ ገባ ብሎ መውጣት ይበቃል የሚለው ወሬ በሁሉም ማኅበር፣ በሁሉም ልቅሶ ቤት ይወራል። አይበቃም። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ኑሮውን ነው የሚያዩት። በዓመት ውስጥ የተመለሰ ሰውም ኑሮህ እዚህ አይደለም ሊባል ይችላል።

ስለ ታክስ ያለችው ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ውጭም ሆኖ እንደ ነዋሪ ነው ፋይል የሚያደርገው። «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ ፋይል ማድረግ ጥቂት ታክስ ሊያስቀር ይችላል፣ ግን መኖሪያነቱን ራስህ ተውኩት ብለህ በፊርማህ እንደመመስከር ይቆጠርብሃል። እማዬ ገቢ የላትም፤ በእኔ ስር ነው የምትገባው፣ የታክስ ወረቀቴ ላይ ስሟ አለ፤ እሱን ኮፒ አድርገን ፋይሏ ውስጥ ጨመርነው።

ፎርሙ ገባ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አሻራ ስጡ የሚል አፖይንትመንት መጣ። ይህችን ልብ በሉ፦ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 79 የሆኑ ሁሉ አሻራ መስጠት አለባቸው። ለዚህ ነው ከጉዞ ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብላችሁ አስገቡ የሚባለው። እማዬ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ሄዳ አሻራ ሰጠች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ የኖረች ጣት ነው፤ ማሽኑ ሦስት አራት ጊዜ አላነብም ብሎ ነበር፣ አሻራ የምታነሳዋ ሠራተኛ በትዕግሥት ጣቷን እያበሰች አስነሳቻት። አሻራው ካለቀ በኋላ ፐርሚቱ እስኪወጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። መሄድ ይቻላል። ወረቀቱ ሲደርስ በአሜሪካ አድራሻችሁ ይመጣል፣ ወይም ፎርሙ ላይ መርጣችሁ ውጭ ባለ ኤምባሲ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል። እኛ ቤት ይምጣ አልን።

እማዬ በሰሙነ ሕማማት ደብረ ብርሃን ገባች። አያቴ አወቀቻት። ፋሲካን አብረው ዋሉ፤ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት አያቴ አረፈች። ያንን አስር ቀን ያገኘችው ሁለተኛው ወረቀት በትክክል ስለተሠራ ነው። ሳላጋንን ነው የምናገረው፤ የሎየሯን 600 ዶላር አሥር ጊዜ እከፍለው ነበር።

ፐርሚቱ እስኪመጣ አሥር ወር ገደማ ፈጀ። ለዚህ ነው ለፐርሚቱ ከአምስት ኮከብ አራት የምሰጠው። ረጅም ነው። የሁለት ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከወጣበት ቀን ስለሆነ ግን የጠበቅንበት ጊዜ አልተበላብንም። የመጣ ቀን በዲኤችኤል ላክንላት። ዋናው እዚያ ሆኖ ኮፒው እኔ ጋ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ የካርዱንም የፓስፖርቱንም ሁሉ ገጽ ኮፒ ያዙ።

ፐርሚቱ የማያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ሻጩ አይነግራችሁምና። የሲትዝንሺፕን ቆጠራ አያድንም። ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ከቆዩ ለሲትዝንሺፕ የሚጠበቀው አምስት ዓመት ይቋረጣል፣ ከተመለሱ በኋላ ቢያንስ 4 ዓመት ከ1 ቀን መጠበቅ ይመጣል። ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት በየወሩ የሚከፍለውን ድጎማ፣ ለሚቀበሉ ወላጆችም አይሆንም፤ 30 ቀንና ከዚያ በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ክፍያው ይቆማል፣ ሳይናገሩ መቀበል ደግሞ በኋላ መልሱ የሚል ዕዳ ያመጣል። እና ፐርሚት ይዘውም ኤርፖርት ላይ ጥያቄ አይቀርም። እማዬን አሁን አሠልጥነናታል፦ «ቤትዎ የት ነው?» ሲሏት «አሌክሳንድሪያ፣ ልጄ ጋ» ነው መልሱ። እውነቱም እሱ ነው።

ሲትዝን ትሁንና ይገላገል የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ሲትዝን የሆነ ሰው የፈለገውን ያህል ቢቆይ የሚጠይቀው የለም። ግን ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ፣ ብዙውን መብት ቢመልስም እማዬ «ፓስፖርቴን አልሰጥም» ካለች አለች ነው። ይህን እንደ ግትርነት የሚያዩ ልጆች አሉ። እኔ አላይባትም። ለእንደሷ ዓይነት ሰው ነው ይህ ፐርሚት የተሠራው።

ያለ ፐርሚት ዓመት ያለፋቸውስ? ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ኤስቢ-1 የሚባል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ አለ። ኤምባሲ ነው የሚጠየቀው፣ ዲኤስ-117 በሚባል ፎርም፣ 180 ዶላር ነው፤ እሱ ካለፈ በኋላ ገና የቪዛው ክፍያና የሕክምና ምርመራው ይከተላል። ማሳየት ያለባችሁ ስትወጡ ነዋሪ እንደነበራችሁ፣ ለመመለስ አስባችሁ እንደወጣችሁ፣ እና የቆያችሁት ከአቅማችሁ በላይ በሆነ፣ እናንተ ባላመጣችሁት ምክንያት እንደሆነ ነው። ለምሳሌ በሰሜኑ ጦርነት መቀሌ ተዘግቶባቸው የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መደበኛ በረራ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለው ከአቅም በላይ ነው። «ሠርግ ነበረብኝ፣ ከዚያ ደግሞ ቤቱ አላለቀም ነበር» ግን ከባድ ነው የሚሆነው። የሕክምና ወረቀት፣ የተሰረዘ ትኬት፣ ቀን ያለበት ማንኛውም ነገር አትጣሉ።

ሌላም አንድ ነገር፣ እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ሳይሄዱ ንገሯቸው። ኤርፖርት ላይ አይ-407 የሚባል ፎርም ቀርቦ ፈርሙ ሊባሉ ይችላሉ። ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል ነው። ግዴታ አይደለም። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩን ዳኛ ፊት የማቅረብ መብት አለው፣ እዚያ ደግሞ ነዋሪነቱን ትቷል ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው። የኛ እናቶች ደክሟቸው፣ ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ወርደው፣ እግራቸው አብጦ፣ ሰው እንዳይቆጣ ብለው የማያነቡት ነገር ላይ ይፈርማሉ። የማውቃቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ የመግቢያ መስሎኝ ነው» ብለዋል። እኛ ለእማዬ በአማርኛ በወረቀት ጽፈን ፓስፖርቷ ውስጥ አድርገንላታል፦ «ልጄን ሳላናግር አልፈርምም።» ስልክ ቁጥሬም ከሥሩ አለ።

ሎየር ስትመርጡ፣ ፈቃዱን ጠይቁ። ኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው፣ ሎየር አይደለም። ታክስ የሚሠራ ሰው ሎየር አይደለም። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ጠበቆችና በአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር እውቅና ያገኙ፣ ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ወኪሎች ብቻ ናቸው። የኋለኞቹ ርካሽ ናቸው፣ አንዳንዴ ነጻ። እኔ እሱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጉዳዩ ቀላል ከሆነ ደግሞ፣ እናትየው እዚህ ካለች፣ ብዙ ጊዜ ካልወጣች፣ ታክሱ ጥሩ ከሆነ፣ መመሪያውን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ልጅ ራሱ ሞልቶ ማስገባት ይችላል። እንደኛ የተከለከለ ፎርምና ሁለት ረጅም ጉዞ ያለበት ፋይል ከሆነ ግን አትሞክሩት።

እማዬ አሁንም ደብረ ብርሃን ናት። የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት አውጥታለች፣ ኮፒውን ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር አድርጋ ልካልኛለች፤ ሎየሯ እሱንም ያዙት ብላናለች። የአያቴ ሙት ዓመት ጠላው ሊጠነሰስ ነው። ያንን አውጥታ ትመጣለች፤ ፐርሚቱ ያኔም ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል።